ለሁዳዴ የደረሱ ዶሮዎች

ዶሮ እንደማረባ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ዶሮ እንዳለኝ ነው። ቀጥሎ «በስንት ብር ጀመርክ?» ይለኛል። ለዓመታት «በእቁብ ብር» እያልኩ መልሻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን እጣው የማን እንደነበረ፣ ዋሴ ማን እንደነበረ፣ እጄ ባዶ ሲሆን በእኔ ስም ማን እንደከፈለ አልናገርም ነበር፤ ጠያቂውም ያን ያህል አይገፋኝም። ወድቆ የተነሳን ሰው ታሪክ ሁሉም ይወዳል። ሲወድቅ ማን ላይ እንደወደቀ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የሆነው ሸጎሌ ነው፣ በ1998 ዓ.ም.።

ዛሬ ሸጎሌ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አውቶቡሶች የሚያድሩበት ሰፊው ዴፖ ነው። በእኔ ወጣትነት ከዊንጌት አለፍ ብሎ ያለ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ የሆነ፣ ማታ ማታ ከእንጦጦ ተረተር የሚወርደው ብርድ ቀድሞ የሚያገኘው ሰፈር ነበር። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈ ያሳደገችን እናቴ ናት። ጠዋት በር ላይ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልብስ ታጥባለች። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ካጣሁ በኋላ ዓይኔ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ አረፈ። የሦስት ቀን የዶሮ እርባታ ሥልጠና ወሰድኩ። ከዚያ ደብተር ገዝቼ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ።

ሒሳቡ ያምር ነበር። 300 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ሃያውን ሞት ቢወስድብኝ 280 ዶሮ ይቀረኛል። አንዷ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ስለዚህ በሦስት ቀን አንድ ኩንታል ያህል ያልቃል። ከመቶው ሰማንያው ቢጥል በቀን ከ220 በላይ እንቁላል አገኛለሁ። ይህን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አስምሬ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ውስጥ ያልነበረው አንድ ነገር የቀን መቁጠሪያ ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከእሑድ እቁባችን ነው። አባላቱ 52፣ መዋጮው በሳምንት 100 ብር፣ እጣ የወጣለት ሰው 5,200 ብር ይዞ ይሄዳል። በመስቀል ሰሞን እጣው ለእትዬ ወጣ። እትዬ ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ ሴት ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ከሳምንታት በፊት እጣቸውን እንዲለቁልኝ፣ የእኔ ሲወጣ እንዲወስዱ ለምኛቸው ነበር። «እንየው» ብለውኝ አልፈዋል። ያን እሑድ ብሩ ሲቆጠር፣ «ለልጁ ስጡልኝ» አሉ።

የእቁቡ ዳኛ ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማይበዛላቸው ጋሼ ነበሩ። «ዋሱስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔው ነኝ» አሉ እትዬ።

«እጣ ለቃቂውም ዋሱም እርስዎ ከሆኑ እኮ፣ ልጁ ቢያቅተው ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዱት።»

«ይሁን» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ጸሐፊው ጻፈ። እኔ በደስታ ብዛት የጋሼን ጥያቄ ትርጉም አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

እቁቡ ጫጩቱንና ቤቱን ሸፈነ። ለመኖው እናቴ በመቀነቷ ቋጥራ ካኖረችው ሰጠችኝ፣ የጎደለውን የመኖ ነጋዴ በዱቤ ሞላልኝ። ጫጩቶቹ ጥቅምት 3 ማታ፣ ቀዳዳ በተበሳባቸው ካርቶኖች መቶ መቶ ሆነው ከደብረ ዘይት ገቡ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሸጎሌ የጥቅምት ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ደግሞ እዚያ ያደረ ያውቀዋል። ሁለት የከሰል ምድጃና አንድ ትልቅ አምፖል አስገብቼ፣ ሳጋቱራው ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ፣ ጋቢ ለብሼ አብሬያቸው አደርኩ። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። በጨለማ ውስጥ ሙቀቱን የምለካው በጆሮዬ ነበር። ሲበርዳቸው ተደራርበው ስለታም ድምፅ ያሰማሉ፤ ሲሞቃቸው ተበታትነው ዝቅ ባለ ድምፅ እየተነጋገሩ ይተኛሉ። ዛሬም ጫጩት ቤት ስገባ ቴርሞሜትሩን ከማየቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ዓመት እጄ ላይ የቀረ ንብረት ቢኖር ይኸው ጆሮ ነው።

አደጉ። ላባ አወጡ፣ ኩክናቸው ቀላ። የመጀመሪያዋ እንቁላል የተጣለችው የካቲት 21 ቀን ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጫፏ ላይ የደም ጭረት ያለባት። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመቻት። ሮጬ ለእትዬ ላሳያቸው ሄድኩ። ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብለው ሊጥ እየዘረጉ ነበር። አዩዋትና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ለሁዳዴ ነው እንዴ ያደረስካቸው?»

ሁዳዴ የተያዘው ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ፣ የካቲት 20 ነበር። ዶሮ መጣል የምትጀምረው በሃያ ሳምንቷ ገደማ ነው። ከጥቅምት 3 ሃያ ሳምንት ሲቆጠር የት እንደሚወድቅ ማንኛዋም የሸጎሌ ወይዘሮ በጣቷ ቆጥራ ልትነግረኝ ትችል ነበር። 300 ጫጩት አስገብቼ ከተማው 55 ቀን እንቁላል የማይነካበት ጾም መግቢያ ላይ አደረስኳቸው። ዲፕሎማዬ ትርፍና ኪሳራ መጻፍ አስተምሮኛል፤ እናቴ ጓዳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ግን የሥራው አንድ አካል እንደሆነ አላሰብኩም።

እንዲያም ሆኖ ተስፋ ነበረኝ። ፋሲካ ሚያዝያ 15 ነው። እስከዚያ መኖ በዱቤ ችዬ፣ እንቁላሉን ጾም ለማያግዳቸው ሱቆች በቅናሽ እየሸጥኩ ብቆይ፣ በፋሲካ ዋዜማ የማይጥሉትን ሸጬ እዳዬን እከፍላለሁ አልኩ። ይህ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ዓመቱ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ የወፍ ጉንፋን ናይጄሪያ ውስጥ መገኘቱ ተሰማ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግብፅ ተጨመረች። ወዲያው ደግሞ ጉራጌ ዞን፣ ጉብሬ ከሚገኘው የዶሮ ማራቢያ ዶሮዎች በብዛት መሞታቸው ተወራ፤ ናሙና ተወስዶ ምርመራ ተጀመረ። ምርመራው በሽታው የወፍ ጉንፋን እንዳልሆነ አሳየ። ግን ወሬው በአውቶቡስ፣ ውጤቱ በእግሩ ነው የመጣው። ሰው ዶሮ ፈራ። እንቁላል ይወስዱልኝ የነበሩ ሁለት ሱቆች «ለጊዜው ይቅርብን» አሉኝ። አንዱ ምግብ ቤት በር ላይ ከተለጠፈው የምግብ ዝርዝር «እንቁላል ፍርፍር» የሚለው በኖራ ተሸፍኖ አየሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በወፍ ጉንፋን የታመመ አንድም ዶሮ ሳይገኝ፣ ዶሮ አርቢው በፍርሃት ብቻ ከሰረ። በደቡብም፣ በደብረ ዘይትም፣ በጓሮ አምስት ዶሮ በምታረባ ሴትም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በዘመኑ ላይ ማሳበብ እችላለሁ። ቀጥሎ የመጣው የራሴ ነው።

ፈንግል ለሚባለው የዶሮ በሽታ የመጀመሪያውን ክትባት በሳምንታቸው በዓይናቸው ጠብታ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በወራቸው ላሶታ የሚባለውን በውኃ አጠጥቻለሁ። መጣል ከመጀመራቸው በፊት የሚሰጠውን ግን ዘለልኩት። ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ የትራንስፖርቱም የክትባቱም ብር የመኖ ብር ነበር። «ሁለቴ ወስደዋል፣ ይበቃቸዋል» አልኩ። ያን በወራቸው የሰጠሁትንም ቢሆን በቧንቧ ውኃ እንደበጠበጥኩት፣ በውኃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን እንደሚገድለው ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በመጋቢት ማብቂያ እናቴ ዋጋቸው ረክሶ ስላገኘች ከአዲሱ ገበያ ለፋሲካ የሚሆኑ ሁለት አውራ ዶሮዎች ገዝታ ግቢ ውስጥ አሰረች። ከውጭ የመጣ ዶሮ ከእርባታ ዶሮ ጋር መገናኘት እንደሌለበት በሥልጠናው ሰምቻለሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት አሥር ያህሉ ላባቸውን አንጨብርረው ቆመው አገኘሁ። ማክሰኞ አረንጓዴ ተቅማጥ አየሁ። ረቡዕ አንገታቸው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ በራሳቸው ዙሪያ የሚሽከረከሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ብቻ ሆነ። እስከዚያ ከደረሱት 274 ዶሮዎች ቅዳሜ ማታ የቀሩት 61 ነበሩ።

አገሩ ሁሉ የወፍ ጉንፋን በሚያወራበት ወር በአንድ ግቢ ውስጥ ከ200 በላይ ዶሮ ሲሞት ሰፈሩ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የቀበሌ ሰዎች መጡ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ አፉን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ መጣና አንዷን ቀዶ አየ፣ ናሙና ወሰደ። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ኖራ እየነሰነስኩ ቀበርኳቸው። ሕፃናት በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ እናቶቻቸው በእጃቸው ጎትተው ወሰዷቸው። ጠላትነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ልጄን እጎትት ነበር። የባለሙያው መልስ ፈንግል መሆኑን አረጋገጠ፤ ሰው ላይ የሚያሰጋ አይደለም ተባለ። ያንን ግን ማን ያምናል? እናቴ በየማለዳው የምታፈላው ሻይ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ጀመር። ጠዋት አሥራ አምስት ሰው ከበር ላይ የማይጠፋበት ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል ጭር አለ። በሕይወቴ ውስጥ ከደረሰብኝ ኪሳራ ሁሉ የሚያመኝ የዶሮዎቹ ሞት አይደለም፤ እናቴ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ በራዱን ስታጥብ ድምፅ እንዳታሰማ ትጠነቀቅ የነበረው ነው።

በቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ እትዬ በበራችን ገቡ። ከፍርሃቱ ወዲህ በሩን የረገጠ የመጀመሪያ ሰው ናቸው። «ከተረፉት ሁለት ስጠኝ» አሉኝ። ዶሮ ቤት ድረስ አብረውኝ መጡ፤ አንስተው ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ክንፋቸውን ገልብጠው አዩ፣ ሁለት መረጡ። በነጻ ይውሰዱ ብላቸው ተቆጡኝ። በበዓል ገበያ ዋጋ ከፍለው ሄዱ።

ፋሲካ ዕለት እነዚያን ዶሮዎች ሠርተው የእቁቡን ዳኛ፣ ጸሐፊውን፣ ሁለት የእድር ሴቶችንና እናቴን ጠሩ። እኔም ተጠራሁ። አሥራ ሁለቱም ብልት እንደ ወጉ ወጥቶ፣ እንቁላሉም ከእኔው ነበር። ማንም ምንም ንግግር አላደረገም። ጋሼ ቆርሰው ጎረሱ፣ ጸሐፊው ጎረሰ፣ እትዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቴ ሰጧት። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰው በራችን ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ስለ ንግድ ብዙ ሥልጠና ወስጄ አውቃለሁ። ስለ «መልካም ስም» ሲነገር በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። መልካም ስም ሲጠፋና ሲመለስ በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ አንድ ትሪ ዙሪያ ነው፤ የመለሰውም ሰው እኔ አልነበርኩም።

እዳው ቆሞ ጠበቀኝ። እቁቡ እስከ መስከረም 1999 ይቀጥላል፤ በየእሑዱ 100 ብር። የተረፉትን ዶሮዎች ሸጬ የመኖ ነጋዴውን ግማሽ ከፈልኩ። ከዚያ የቀን ሥራ ገባሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትገነባበት ጊዜ ስለነበር ትከሻ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ብሎኬት ተሸከምኩ፣ ከሌላ ልጅ ጋር ባሬላ ይዤ አሸዋና ጠጠር ወደ ፎቅ አወጣሁ። ክረምት ሲገባ ሥራው ቆመ። ሦስት እሑድ ባዶ እጄን ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊው ስሜን ሲጠራ ከእኔ በፊት እትዬ መቀነታቸውን ፈትተው 100 ብር አወጡ። ጋሼ ወደ እኔ አላዩም፤ ለእኔ ክብር ብለው መሰለኝ። ሦስት መቶውን ለእትዬ ከፍዬ የጨረስኩት በጳጉሜን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈሬ ስም አንድ ነገር ልበል። ሸጎሌ የተባለው በቤንሻንጉሉ ገዥ በሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ስም ነው፤ ሼህ ሆጀሌ በሕዝቡ አፍ እየተለሰለሰ ሸጎሌ ሆነ። የምኒልክ ጦር በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኮንን መሪነት ቤንሻንጉልን ሲያስገብር ሼህ ሆጀሌ ከሌሎች የአካባቢው ሼሆች ጋር ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ታሠሩ። በኋላ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ለቤተ መንግሥቱ የወርቅ ግብር የሚያቀርቡ ታላቅ ባለሀብት ሆኑ፣ በዚህ በእኛ ሰፈርም ቤት ሠሩ። በእስር ከተማዋን ያወቁ ሰው በቤት ባለቤትነት ተመለሱባት። ብሎኬት እየተሸከምኩ በነበረበት ክረምት ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው፣ «አየህ፣ ታስሮም መነሳት አለ» ሊለኝ ፈልጎ ነው። ለጊዜው አጽናናኝ። እየቆየሁ ግን ታሪኩን በሌላ ጎኑ ማየት ጀመርኩ። ያን ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ያጠቡት፣ በሸክም ያመላለሱት ሰዎች ነበሩ፤ የዚያን ዘመን የቤንሻንጉል ንግድ ደግሞ የወርቅ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም ንግድ ነበረበት። ሰፈር በስማቸው የተጠራው ወርቁን ያስረከቡት ናቸው። ያጠቡት ስም የላቸውም። ይህን የምለው ራሴን ከሼህ ሆጀሌ ጋር ለማወዳደር አይደለም። «ወድቆ ተነሳ» የሚል ታሪክ ሲነገረኝ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ተሸክሞት?» ብዬ ስለሆነ ነው።

እቁቡ አልቆ አዲሱ ሲጀመር እንደማያስገቡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሼ ስሜን ራሳቸው ጻፉ። ከስብሰባው በኋላ ውጭ ጠርተውኝ፣ «ዶሮ ከማርባትህ በፊት እንቁላል መሸጥ ተማር» አሉኝ። በዘመኔ ከሰማሁት የንግድ ምክር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ዶሮ ሳይኖረኝ ሁለት ዓመት ተኩል እንቁላል ሸጥኩ። ማለዳ አዲሱ ገበያ ወርጄ ከገጠር በጭድ ተደርድሮ የሚመጣውን እገዛለሁ፣ ቤት አምጥቼ አንድ በአንድ አያለሁ። በጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን ከመብራት ፊት ይዞ ማየት ነው፤ ውስጡ የጠቆረውን፣ ደም የያዘውን፣ ሲያንቀሳቅሱት የሚንሸራተተውን መለየት ይቻላል። የሚያጠራጥረውን ውኃ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ትኩሱ ይተኛል፣ የቆየው ይንሳፈፋል። ለሱቆቹ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ከእኔ እንቁላል የገማ ከተገኘ በአንዱ ሁለት እተካለሁ። በመጀመሪያው ወር ብዙ ተካሁ። በአራተኛው ወር መተካት አቆምኩ ማለት ይቻላል፤ ዓይኔ ሠለጠነ። ከሸጎሌ እስከ ዊንጌት፣ ከዊንጌት እስከ አስኮ ያሉ ሱቆች ቀኔንና ሰዓቴን አወቁ።

ይበልጥ የተማርኩት ግን ሰው መቼ እንደሚበላ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ካህናቱ እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ጾመ ነቢያት አለ። ሙስሊሙ ጎረቤቴ በእኔ ሁዳዴ ይገዛል፤ በረመዳን ማታ ማታ የእንቁላል ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። የኬክ ቤት በሁዳዴ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አይቆምም። ይህን ሁሉ በደብተር አይደለም የያዝኩት። ጀርባዬ ላይ በቅርጫት ተሸክሜ ከበር ወደ በር እየሄድኩ፣ «ዛሬ አልፈልግም፣ ሰኞ ና» እየተባልኩ ነው።

እንደገና ጫጩት የገዛሁት በመጋቢት 2001 ነው፤ 150 ብቻ። ቀኑን የመረጥኩት ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው። በመጋቢት የገባ ጫጩት ፍልሰታ ሲፈታ መጣል ይጀምራል፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንቁላሉ ይደርሳል፣ ጾመ ነቢያት እስኪገባ ድረስ ወጪውን ይመልሳል። በከርሞው ፋሲካ ደግሞ የደከመችዋ ዶሮ ራሷ ትሸጣለች። ክትባቱን አንድም ቀን አላሳለፍኩም፤ የምበጠብጠውም በጉድጓድ ውኃ ነበር። እናቴ በር ላይ ሳጋቱራና ኖራ የያዘ ሣጥን አስቀመጠች፤ ሣጥኑን በጫማው ሳይረግጥ የሚገባ ሰው ቢኖር ጳጳስም ቢሆን አታሳልፈውም ነበር። እቁቡ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ሲሰጠኝ ዋስ የሆነኝ ጸሐፊው ነው፤ ሳልጠይቀው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነው፣ ግን የሚያጓጓ አይደለም። 150 ዶሮ 600 ሆነ፣ 600ው 2,000 ሆነ፣ ሸጎሌ ጠበበኝና ወደ ሆለታ መስመር ወጣሁ። ብድርም ወሰድኩ፣ ከፈልኩም። በግንቦት 2014 ማብቂያ የዶሮ በሽታ ተነስቶ የዶሮና የእንቁላል ዝውውር ለጊዜው በተገደበ ጊዜ እንደ 1998ቱ እንቅልፍ አጣሁ። ግን ያኔ አንድም ሱቅ አልሸሸኝም። አስኮ ያለው ነጋዴ ስልክ ደውሎ ያለኝ፣ «እገዳው ሲነሳ መጀመሪያ ለእኔ» ብቻ ነው። እኔም ስልኩን ዘግቼ ከመኪናው ሳልወርድ ብዙ ቆየሁ። በፍርሃት ዘመን ሰው ያልሸሸውን ስም ማን እንደሠራው አውቅ ነበር።

ጋሼ አርፈዋል። እትዬ አሉ፤ ምጣዱን ለልጃቸው አውርሰው፣ ጉልበታቸው ደክሞ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። በየዓመቱ በቅዳሜ ሹር አንድ ዶሮና እንቁላል ይዤላቸው እሄዳለሁ። አምና ስሄድ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ምን አይተው ነው እጣዎን የለቀቁልኝ? ሥራ የሌለኝ ልጅ ነበርኩ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ብዙም አላሰቡም።

«አንተን መች አየሁና» አሉ። «እናትህ 19 ዓመት ሙሉ የእድር መዋጮ አንድ ወር አላሳለፈችም። ልብስ አጥባም፣ ታማም። አባትህ የሞተ ጊዜ እንኳ ከፍላለች። እኔ ያመንኩት እሷን ነው።»

እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ጤና አዳም ትቆርጣለች። ቀና አላለችም። እኔ የምናገረው ጠፋኝ። ብድር ስጠይቅ የሞላሁት ቅጽ ሁሉ፣ የመያዣ ዝርዝሩ ሁሉ በዓይኔ መጣ፤ በአንዱም ላይ የእናቴን የእድር ደብተር አልጻፍኩም።

እትዬ ያመጣሁትን ዶሮ ወደ ጭናቸው ሳቡት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ጨፍነው መዳፋቸውን በደረቱ አጥንት ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው አሳለፉ፣ ክንፉን ገለጥ አድርገው ዳሰሱ፣ ልክ ከተረፉት 61 መካከል ሁለቱን ሲመርጡ እንዳደረጉት።

«ይሄ ደህና ነው» አሉ። «እንቁላሉንም ቁጠሩና አስገቡት።»